እንደተኛ ሰው ለስላሳ

መሸነፍ አልወድም። ይህን ከመጀመሪያው ብነግራችሁ ይሻላል፤ ምክንያቱም ያን ቀን ጠዋት የጨዋታ ጓደኛዬ ሞተች እስኪሉኝ ድረስ ቆሜ ስረግማት ነበር።

አዜብ እባላለሁ። ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ ሶማልኛ የለመድኩትም እዚያው ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወትና ስጣላ ነው። ሐርጌሳ ያመጣኝ ባለቤቴ ተስፋዬ ነው። እሱ ከበርበራ ወደብ እየጫነ ድንበር ድረስ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት ቀን መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። ኮድቡር በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አንድ ልጅ አለችን፣ ማክዳ። እኔ የምሠራው በአንድ የግል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ተራ ገብቼ፣ ወጥቼ፣ ወጥ ሠርቼ፣ ዩኒፎርም አጥቤ… ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎኝ ደግሞ ጠረጴዛ ቴኒስ እጫወታለሁ። ለመዝናናት እንዳይመስላችሁ። ለማሸነፍ ነው። ተስፋዬ «አንቺ ሴትዮ፣ ኦሎምፒክ ነው እንዴ የምትሄጂው?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ድሬ እያለሁ ለቀበሌዬ ዋንጫ ያመጣሁ ሰው ነኝ። ራኬት ስይዝ ድካም የሚባል ነገር ይረሳኛል።

የምንጫወተው ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ባለ የሴቶች አዳራሽ ነው። አጥሩ ረጅም ነው፤ መስኮቶቹ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍነዋል፤ ወንድ አይገባም። ከውጭ ስንመጣ ሁላችንም እስከ እግራችን ተሸፋፍነን ነው፤ እኔም ክርስቲያን ብሆን እንደ ሰዉ ነው የምለብሰው። በሩ ሲዘጋ ግን ሻሹም ሽርጡም ይጣልና ቱታና ጫማ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጩኸትና ሳቅ ነው። ኢፍራህን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ኢፍራህ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ ከእኔ በዕድሜ በጣም ታንሳለች። ግራኝ ናት። ግራኝ ተጫዋች ደግሞ እኔና እሷ ለምንጫወተው ለደብል፣ ሁለት ለሁለት ጨዋታ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰርቭ ስትመታ ኳሷ ወዴት እንደምትታጠፍ እኔ ጓደኛዋ እንኳ አላውቅም ነበር። «አባዮ» ነበር የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። ተረኛ ሆኜ ልምምድ ስቀር ሆስፒታል ድረስ ደውላ «በሽተኞቹን ንገሪያቸው፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ መታመም ክልክል ነው» ትለኝ ነበር። ነርስ መሆኔን ታውቃለች። ስለ ማክዳ ትኩሳት፣ ስለ ተስፋዬ ወገብ ሕመም ሁሉ አውርተናል። ስለራሷ ጤና ግን አንድም ቀን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

ነገሩ የሆነው በረመዳን ነው። ውድድሩ በጠዋት እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ጾመኞቹ ጉልበት ሳይከዳቸው፣ ከሰዓት በኋላም ማፍጠሪያ የሚያዘጋጁበት ጊዜ እንዲኖራቸው ነው። ግማሽ ፍጻሜውን አሸነፍን። ግን በዚያ ጨዋታ መሀል አንድ ነገር ሆነ። ኳስ በቀጥታ ወደ ኢፍራህ መጣች፤ እሷ አልመታቻትም። ራኬቷን እንደያዘች መጋረጃውን ታያለች። ኳሷ ደረቷን መትታ ወደቀች፣ እሷ አሁንም መጋረጃውን ነው የምታየው። ስጠራት ነቃ አለች።

«ምን ሆንሽ? ጾሙ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም።» ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል። «ነገ አይደገምም። ቃል እገባልሻለሁ፣ አባዮ።»

እኔ ምን አልኩ? ሳቅኩ። «ነገ ከተደገመማ እኔና አንቺ ተለያየን» አልኳት።

በማግስቱ የፍጻሜው ቀን እኔ ቀድሜ ደረስኩ። ተራዬን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ፣ ማክዳን ጎረቤት አስቀምጬ ነው የመጣሁት። ተጋጣሚዎቻችን መጡ፣ ሰውነታቸውን አፍታቱ። ኢፍራህ የለችም። ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። የውድድሩ አዘጋጅ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ በሩን አያለሁ። ጥርሴን ነክሼ ወዲያ ወዲህ ስል የሰሙኝ ሁሉ አሁንም ያስታውሳሉ፤ «ተኝታ ቀርታ ነው! ይህቺን ልጅ ዛሬ ባገኛት እገድላታለሁ!» ነበር ያልኩት። ከአፌ የወጣው ቃል ይኸው ነው፤ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

በመጨረሻ ለተጋጣሚዎቻችን ተፈረደ። ጫማዬን እየፈታሁ ሳለ የአዘጋጇ ስልክ ጮኸ። አነሳችው፣ ሰማች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ፤ ይህ ቃል የሚባለው መቼ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

«ማን ነው?» አልኳት።

ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችኝ።

«ኢፍራህ ናት?»

«ከንጋት በፊት የጾሙን ስሁር በልታ ተኛች፣ አልነቃችም። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ይቀብሯታል።»

እንዴት ከዚያ እንደወጣሁ አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለተስፋዬ ደወልኩለት። ከበርበራ እየተመለሰ መንገድ ላይ ነበር። ማልቀሴን ሲሰማ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። «አይዞሽ» አለኝ፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሂጂ፣ እናቷን እቀፊያት፣ አልቅሺ። ግን አዚዬ፣ እባክሽ እንደ ሆስፒታሉ ልዘዝ እንዳትዪ። የሰው አገር ነው፣ የሰው ሃይማኖት ነው። ጎንበስ ብለሽ አልቅሰሽ ተመለሺ።» እሺ አልኩት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

ቤታቸው መሐመድ ሞጌ የሚባል ሰፈር ነው። በሩ ላይ ወንዶች ቆመዋል፤ የሬሳ መሸከሚያው የተጫነበት ፒክአፕ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይጠብቃል። እዚህ አገር ሴት ቀብር አትሄድም፤ ስለዚህ ሴቶቹ የሚሰናበቱት እቤት ውስጥ ነው። ግቢው በሴት ተሞልቷል፤ እንደኛ አገር ደረት እየመቱ መጮህ የለም፤ ሁሉም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚያነባው። የኢፍራህ እናት ኤዶ ፋዱማ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ። እዚህ ትልቅ ሴት ኤዶ ትባላለች፣ እኛ አክስቴ እንደምንለው።

«ነይ ልጄ። ፊቷን እንዳይሸፍኑት ያስቆየሁት ላንቺ ብዬ ነው። እህቴ የምትልሽ አንቺን ነበር።»

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባሁ። ኢፍራህ በነጭ ከፈን ተጠቅልላ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ ብቻ ይታያል። አጠገቧ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፣ ኤዶ ሳህራ ይባላሉ። በሰፈሩ ሴት ስትሞት ገላዋን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። መዳፋቸው ላይ የተድበለበለ ጥጥ ይዘዋል፤ አፍንጫዋን የሚደፍኑበት ነው። እናቷ ቆዩ ስላሏቸው ይዘውት ይጠብቃሉ።

«እይያት ልጄ» አሉኝ በርኅራኄ። «ግን አትንኪያት፣ ታጥባለች።»

አልነካኋትም። እጆቼን ጉያዬ ከትቼ ተንበረከኩና አየኋት። ከንፈሯ ነጥቷል። ማልቀስ ጀመርኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳት በልቤ፤ ስለ እርግማኑ ነው።

«አታልቅሺ» አሉኝ ኤዶ ሳህራ። «እሷኮ እድለኛ ናት። በረመዳን፣ ልትጾም አስባ፣ ነይታ ነው የሄደችው። ምልክቱን እኔ አይቻለሁ። ከንጋት ጀምሮ እንዲህ ሆና ቆይታ እንኳ ሳጥባት ገላዋ እንደተኛ ሰው ለስላሳ ነበር። እጇን ሳጥፈው ታጠፈልኝ። አገጯን አስረንላት ነበር፤ ጨርቁን ስፈታው አፏ መልሶ ተከፈተ። አላህ ለወደደው ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ሴቶቹ «ማሻአላህ» አሉ፤ እናቷም እንባቸውን እየጠረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሐዘን ውስጥ የያዟት ብቸኛ መጽናኛ ይህቺ ነበረች።

የኔ እንባ ግን ቆመ።

ሬሳ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ሥራዬ ነው። በሰዓታት ውስጥ መድረቅ ይጀምራል፣ መጀመሪያ የሚይዘውም አገጭ ነው። ታስሮ የቆየ የሬሳ አገጭ ጨርቁ ቢፈታ እንደተገጠመ ይቀራል እንጂ አይከፈትም።

«ከንጋት ጀምሮ ነው ያሉት?» አልኩ።

እናቷ ናቸው የመለሱልኝ። ስሁር በልታ ተኛች፤ እህቷ ለንጋት ሰላት ብትቀሰቅሳት አልተነሳችም፣ ደክሟት ነው ብላ ተወቻት። ጸሐይ ስትወጣ እሳቸው ሲነኳት ቀዝቅዛለች። ጎረቤት ጠሩ፣ አፏ ላይ መስታወት ያዙ፣ የእጇን ደም ሥር ፈለጉ፣ አጡ። ሐኪም ለታመመ እንጂ ለሞተ ማን ይጠራል?

አሁን ቀትር ሊሆን ነው።

ተስፋዬ ያለኝ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ከተሳሳትኩ ምን እንደሚከተል ደግሞ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ አውቀዋለሁ። ታጥባ የተከፈነች ሙስሊም ሴት፣ አንዲት የውጭ አገር ክርስቲያን እጇን ብታሳርፍባት ምን ይባላል? ሥራዬስ? የመኖሪያ ፈቃዳችንስ? ማክዳስ? ይህን ሁሉ አስቤ እጄን ከጉያዬ አወጣሁና አገጯን ያዝኩ።

«ሃይ!» አሉ ኤዶ ሳህራ። ሴቶቹ ተንጫጩ።

አገጯ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታዘዘኝ። ጣቶቼን ወደ አንገቷ አወረድኩና ከጉሮሮዋ ጎን ተጫንኩ። ምንም። ሰውነቷ እንደ ሲሚንቶ ወለል ይቀዘቅዛል። ጠበቅኩ። ኤዶ ሳህራ ክንዴን ያዙኝ፣ «ልጄ፣ ተይ፣ ኃጢአት ነው» ይሉኛል። ከጣቴ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ደግሞ ጠፋ። ነርስ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሲደነግጥ በጣቱ ጫፍ የሚመታው የራሱ ልብ ነው። የእሷ ነው ወይስ የእኔ? በሌላው እጄ የራሴን አንገት ይዤ አስተያየሁ። የኔው እንደ ባቡር ይሮጣል። ከሥር ያኛው ደግሞ፣ ረጅም ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ መታ።

ወይስ መታ የመሰለኝ ነው? እግዚኦ! ጆሮዬን አፍንጫዋ ላይ ለጠፍኩ። ከመስጊዱ የዙህር አዛን ጀመረ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አይሰማኝም። የወንድ ድምፅ ከበሩ መጋረጃ ማዶ «ሴቶች፣ ጨረሳችሁ? እንውጣ» አለ። የኢፍራህ አጎት አዴር ጃማ ናቸው፣ አዴር ማለት አጎት ነው፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው።

ቀና አልኩና እናቷን አየኋቸው። «ኤዶ፣ ኢፍራህ የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

«የለም» አሉኝ ወዲያው።

«ምንም?»

«ጤነኛ ልጅ ናት አልኩሽ!»

ከመጠን በላይ ፈጥነው ነው የመለሱት። ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ መጋረጃውን። ያኔ ገባኝ፤ የሚያፍሩት ነገር አለ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁና «ለማንም አልናገርም፣ ለኔ ብቻ» አልኳቸው።

ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነገሩኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ነጫጭ ትንንሽ ክኒኖች ትውጣለች። ከተሰማ ማን ያገባታል፣ ማንስ ልጆቼን ታስተምርልኛለች ብሎ ይሰጣታል ብለው ለዘመድ እንኳ ደብቀው ነው ያሳደጓት።

ነጫጭ ትንንሽ ክኒኖች። ያንን ክኒን ሆስፒታል ለበሽተኞች በየቀኑ የምሰጠው እኔ ነኝ። አብዝቶ የወሰደው ሰው ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ፤ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል፣ ልቡ እስኪጠፋ ድረስ ዝግ ይላል። ለሚያየው ሰው ሞቷል።

ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። አዴር ጃማ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ረጅም ሰው ናቸው፤ ከኋላቸው ወንዶቹ ተሰልፈዋል።

«አዴር፣ አይውሰዷት። በሕይወት ያለች ይመስለኛል።»

ወዲያው ከኋላ አንዱ «ይህቺ ማናት?» አለ፤ ሌላው «ሐበሻ ናት፣ አውጧት» አለ። አዴር ጃማ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

«ልጄ፣ ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ሙት አይቆይም። ክብሯ ቶሎ መቀበሯ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አዴር። ግን ሆስፒታል እንውሰዳት። በማሽን እንይ። ሞታ ከሆነ ዛሬውኑ ትቀብሯታላችሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ይህ ጥያቄ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል። አዎ ብል ይለቁኝ ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። ግን ከጣቴ ሥር የመታው ነገር የእሷ ይሁን የኔ ልምል አልችልም ነበር።

«አይደለሁም» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ሳትሆኚ የሞተች ልጃችንን ከከፈኗ አውጥተን ገበያ ለገበያ እንዙር?»

መጋረጃውን እንደያዝኩ ከኋላዬ የጨርቅ መቀደድ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ኤዶ ፋዱማ ናቸው፤ የከፈኑን ማሰሪያ በጥርሳቸው በጥሰው ደረቷን ገልጠዋታል። ሻሻቸው ወድቋል፤ ወንዶች ቆመው እያዩ መሆኑን ረስተውታል።

«ጃማ!» አሉ። «ልጅቷ የሚጥል በሽታ ነበረባት። መድኃኒት ትውጥ ነበር። ደብቄያችሁ ነው። አሁን ሁላችሁም ሰማችሁ! የኔ ልጅ ናት፤ አፈር የምትገባው እኔ ስፈቅድ ነው። መኪናውን ወደ ሆስፒታል አዙረው!»

አዴር ጃማ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና በአንድ ወገን ያዟት።

ለቀብሯ የመጣው ፒክአፕ ነው የጫናት። እኔ ከኋላ ወጥቼ ከጎኗ ተንበረከክሁ። ስንቀሳቀስ ትንፋሽ ጠበቅኩ፤ አንዲት ቀጭን ነገር ከአፍንጫዋ የወጣች መሰለኝ፤ ቀጥሎ የለም። የሚቀጥለውን አልጠበቅኩም። አፌን አፏ ላይ ገጥሜ ነፋሁ። ደረቷ ከፈኑ ውስጥ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል አየሁት። ደግሜ ነፋሁ። የሐርጌሳ መንገድ ሁሉ ቆሞ አየን፤ ነጭ የለበሰች ሟችና አፏ ላይ የተደፋች ሴት። አንዷ ፊቷን ሸፈነች። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ቁርአን መቅራት ጀመረ። የእኔ አፍ ውስጥ የሽቶና የካምፎር ጣዕም ነበር፣ ለሟች ገላ የሚቀቡት። እስካሁን አልለቀቀኝም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ንጹሕ ውሃ ስጠጣ እንኳ አንዳንዴ ይመጣብኛል።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛው ሐኪም ከፈኑን አይቶ ደነገጠ። «አዜብ፣ ምንድን ነው ያመጣሽው?»

«የምትተነፍስ ልጅ መሰለችኝ። ማሽኑን ግጠምላት፣ በሞቴ።»

ደረቷ ላይ ሽቦዎቹን ለጠፍን። አረንጓዴው መስመር ቀጥ ብሎ ሄደ። ሄደ። እናቷ በር ላይ ቆመው እኔን ያያሉ እንጂ መስመሩን አያዩም። ሄደ። በቃ፣ ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ፤ ሟች አስነውሬ፣ እናት በሐሰት ተስፋ ሁለተኛ ጊዜ ገደልኩ። ያኔ መስመሩ አንድ ጊዜ ዘለለ። ቆየና ደገመው።

ሐኪሙ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሁላችንም መሯሯጥ ጀመርን። በቱቦ አስተነፈስናት፣ አሞቅናት፣ ሆዷን አጠብናት። አዴር ጃማ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ልጅ እንዳይሰማቸው የሚያለቅሱ ይመስል የአንገት ልብሳቸውን ነክሰው ያለቅሱ ነበር።

ቀናት አልፈው ኢፍራህ ዓይኗን ስትገልጥ ያገኘችው እኔን ነው። ድምፅ ሲወጣላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አሸነፍን?» ብላ ነው። ስቄም አልቅሼም አላውቅም እንደዚያ ቀን።

ምን ነክቷት እንደሆነ የነገረችኝ ኋላ ነው። ክኒኑ እጇን ያዘገይባታል፣ ለስሁር እንዳትነሳም ያስተኛታል፤ ስለዚህ ረመዳን ሲገባ ተወችው። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ዓይኗን ሲጋርዳት ግን በሽታው እየመጣ መሆኑን አወቀች። ፍጻሜው ላይ በሰው ፊት እንዳይጥላት ፈራች። በነሱ ሃይማኖት በሕመም ወይም በመንገድ ምክንያት ያልተጾመ የረመዳን ቀን አይቀርም፤ ኋላ ቁጥሩን ሳያጎድሉ እየጾሙ ይከፍሉታል። እሷም መድኃኒቱን እንደዚያው አደረገችው። ያሳለፈቻቸውን ክኒኖች በሙሉ፣ አንዱንም ሳታስቀር፣ በአንድ ስሁር ዋጠቻቸው። «ያለፈኝን ሁሉ ከፍዬ በንጹሕ ልጫወት ብዬ ነው፣ አባዮ» አለችኝ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ የሚል ነበር። ተስፋዬ ለማያውቀው ሹፌር ሁሉ እየነገረ ኮራብኝ። የኢፍራህ ቤተሰብ ፍየል አርዶ ላከልን። ኢፍራህም ዛሬ በልኩ መድኃኒቷን እየወሰደች ትጫወታለች። አንዳንዴ በእረፍት ሰዓት ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና ስታርፍ ሳላውቀው ጣቴ ወደ አንገቷ ይሄዳል። ሳትገልጥ «አለሁ» ትለኛለች። ማክዳም ለምዳዋለች፤ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ከሰዓት ስትተኛ ስነካት «እማዬ፣ አልሞትኩም፣ ልተኛ» ትላለች። ልጄ ይህን ማለት መልመዷ ልቤን ይሰብረዋል።

ግን ነገሩ አላለቀም። ረመዳን ካለፈ በኋላ ኤዶ ሳህራ ሆስፒታል ድረስ መጡ። የታመሙ መስሎኝ ነበር። ድንገተኛ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሥራዬን እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ጥጡ እጄ ላይ ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ ኤዶ። ግን አላደረጉትም። አይጨነቁ።»

«እሱን አይደለም።» እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩዋቸው። «ከወጣትነቴ ጀምሬ ነው የማጥበው። አብዛኞቹ ደርቀው ነው ያገኘኋቸው። አንዳንዶቹ ለስላሳ ነበሩ። ለእነዚያ አላህን አመሰግን ነበር። ለእናቶቻቸውም እነግር ነበር፣ እንዲጽናኑ።»

እየመጣ ያለውን አውቄ ነበር፤ ማቋረጥ ግን አልቻልኩም።

«ልጄም ለስላሳ ነበረች» አሉኝ።

ትኩሳት ነበረባት አሉ፣ መርፌ ተወጋች፣ ተኛች። ጠዋት ቀዝቅዛ አገኟት። ለሌላ ሰው አልሰጥም ብለው ራሳቸው አጠቧት። ክንዷ ታጠፈላቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ አፍንጫዋን ደፈኑ።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ንገሪኝ። ሞታ ነበር?»

ምን ትሉ ነበር እናንተ? ወዲያው የሞተ ሰው ለስላሳ ነው፣ ኋላ ነው የሚደርቀው፣ ሰውነትም ከሰውነት ይለያያል አልኳቸው። ሁሉም እውነት ነው። እሳቸው ግን ትምህርት ፈልገው አልመጡም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ «ማዪልኝ» አሉ።

«ሞታ ነበር፣ ኤዶ» አልኳቸው። «በልጄ በማክዳ እምላለሁ።»

እጄን ስመው ሄዱ። ሞታ ነበር? እኔ ምን አውቄ? አላየኋትም፣ አልነካኋትም። በልጄ ስም የማልኩት በማላውቀው ነገር ነው። እኔ ደግሞ የራሴ አሉኝ፤ ከኢፍራህ በፊት በድንገተኛ ክፍሉ ዓይናቸውን የከደንኩላቸው፣ ቤተሰባቸው መኪና አስነስቶ ውጭ እየጠበቀ ቶሎ ቶሎ ብዬ የሸኘኋቸው። በማሽን አይተናቸዋል፣ ሐኪም ፈርሞባቸዋል፣ አውቃለሁ። አውቄም ፊታቸው ይመጣብኛል። እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ አንዲት ነፍስ ማትረፍ እንቅልፍ የሚሰጥ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር።

አሁን በመሐመድ ሞጌ ሴት በሞተች ቁጥር ኤዶ ሳህራ ይደውሉልኛል። ውሃውን ከማፍሰሳቸው በፊት እኔን ይጠብቃሉ። ሰፈሩም ለምዶታል፤ ታጥባለች የሚለኝ የለም፣ ወንዶቹ መንገድ ይለቁልኛል። ተስፋዬ በቃሽ ይለኛል፤ ስልኩ ሲጮህ ግን ባጃጅ የሚጠራልኝ እሱ ነው። ገብቼ እንበረከካለሁ፣ አንገት እይዛለሁ፣ በጆሮዬ አዳምጣለሁ፣ ረጅም ጊዜ እጠብቃለሁ። እስካሁን አንዲትም አላገኘሁም። ባገኝ አንዲት ሰው ትተርፋለች፤ ይህን እመኛለሁ። ባገኝ ደግሞ ለኤዶ ሳህራ የማልኩላቸው መሐላ እዚያው ፊታቸው ይፈርሳል። ስለዚህ ጣቴን አንገት ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጸልይ አላውቅም።

በዚህ ሳምንት አንዲት ወጣት ወላድ ሞታ ጠሩኝ። ኤዶ ሳህራ ከጎኔ ቆመው ፊቴን ያያሉ። የልጅቷ ክንድ ለስላሳ ነበር።

«ሞታለች?» አሉኝ።

«ሞታለች፣ ኤዶ።»

ጥጡን አላነሱም። «ደግመሽ እዪልኝ» አሉ።

ደግሜ አየሁላቸው።